የሰው ጦርነት ያስታረቁ ንጉሥ፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የ1964ቱ የሱዳን ዕርቅ



ጌታችን በተራራው ስብከቱ ለሚያስተራርቁ ሰዎች ትልቅ ስም ሰጥቷል (ማቴ. 5፡9)። ይህን ስም ሁላችንም እንወደዋለን። ሆኖም ማስታረቅ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ የሚያውቀው ሞክሮ ያየ ሰው ነው። ሁለት ጎረቤታሞችን ማስታረቅ እንኳ ስንት ምልልስ ይጠይቃል! የሁለት ወገን ጦር፣ ያውም በሌላ ሰው አገር የሚዋጋ ጦር ሲሆንማ ነገሩ እጅግ ይከብዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት ነው። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ተጽፏል፤ የሚያወድሳቸውም የሚነቅፋቸውም አለ። እኛ ግን የምናተኩረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። እኚህ ሰው የጎረቤት አገርን የ17 ዓመት ጦርነት ያስቆመው ዕርቅ በቤተ መንግሥታቸው ጥላ ሥር እንዲፈጸም አድርገዋል። ያ ዕርቅ 11 ዓመት ኖሮ ፈረሰ። ለምን ተሳካ? ለምንስ ፈረሰ? ከዚህስ ለእኛ ለክርስቲያኖች ምን ትምህርት አለ?

ልጅነትና ዕድገት

ተፈሪ መኰንን በሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት አሊ ልጃቸው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዐረፉ። አባታቸው ራስ መኰንን የሐረር ገዥ፣ የአድዋ ዘማችና የዐፄ ምኒልክ የውጭ ጉዳይ መልእክተኛ ነበሩ። ተፈሪ ከውጭ ሰዎች ጋር መነጋገርን፣ ነገርን በትዕግሥት መያዝን ያዩት በአባታቸው ቤት ነው። አባታቸውም በ1898 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ ገና የ13 ዓመት ብላቴና ነበሩ።

በ1902 ዓ.ም. የሐረር ገዥ ሆኑ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል እንድትሆን አደረጉ። ትንሽ አገር በታላላቅ መንግሥታት መካከል የምትድነው በስምምነትና በቃል ኪዳን ነው የሚል እምነት ነበራቸው። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ።

ቃል ኪዳን ሲፈርስ ያዩ ንጉሥ

አምስት ዓመት ሳይሞላ የጣሊያን ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወረረ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት ወር በማይጨው ተዋግተው ተሸነፉ፤ በሚያዝያም ከአገር ወጡ። በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ። ማኅበሩ ግን አልደረሰላቸውም። ወረቀት ላይ የተጻፈ ቃል ኪዳን የሚጠብቀው ከሌለ ምን እንደሚሆን በራሳቸው ሕይወት አዩት። እንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ የስደትን ኑሮ ኖሩ።

የመመለሻቸው መንገድ የተከፈተው በሱዳን በኩል ነበር። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ካርቱም ደረሱ፤ በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ወደ አገራቸው ገቡ። በሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ቀን ለሕዝባቸው ያስተላለፉት ቃል የሚታወስ ነው። በአገሪቱ የቀሩትን ጣሊያኖች ሕዝቡ እንዳይበቀል፣ ክፋትን በክፋት እንዳይመልስ ለመኑት። የካቲት 12ን ያየ፣ ዘመዱን የቀበረ ሕዝብ ይህን መስማት ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ብዙ ጣሊያኖች በሰላም ተሸኙ፤ የቀሩትም በመካከላችን ኖሩ። ይህ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 12 መጨረሻ ላይ ከሚያስተምረው ጋር የሚስማማ ነገር ነበር።

የአፍሪካ ሽማግሌ

በግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የሠላሳ ሁለት ነጻ አገሮች መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። ዓመት ሳይሞላ ፈተናው መጣ። በጥቅምት 1956 ዓ.ም. ሞሮኮና አልጄሪያ በበረሃ ድንበራቸው ላይ ተዋጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከማሊው ፕሬዚዳንት ሞዲቦ ኬይታ ጋር ሆነው ንጉሥ ሐሰን ዳግማዊንና ቤን ቤላን ባማኮ ላይ አገናኙ፤ ተኩስ እንዲቆም ተስማሙ። ከዚህ በኋላ የእርሳቸው የሽምግልና ስም በአህጉሩ ገነነ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ጦርነት እንዲህ አልቆመም። በ1959 ዓ.ም. የናይጄሪያ ምሥራቃዊ ክፍል ቢያፍራ በሚል ስም ተገንጥሎ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስድስት አገር መሪዎችን ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ኮሚቴው ሌጎስ ሄደ፤ ኒያሜ ላይ ተሰበሰበ፤ በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የሁለቱ ወገኖች ንግግር ተከፈተ። የቢያፍራው መሪ ኦጁኩ ራሱ መጣ፤ የናይጄሪያው መሪ ጎዎን ግን መልእክተኞቹን ላከ። ንግግሩ ለሳምንታት ቢቀጥልም ፍሬ አላፈራም።

ለምን? አንደኛ፣ ኮሚቴው ከመነሻው የናይጄሪያን አንድነት ተቀብሎ ስለ ገባ ቢያፍራዎች እንደ ገለልተኛ ዳኛ አላዩትም። ሁለተኛ፣ የመንግሥቱ ወገን እያሸነፈ ነበር፤ እያሸነፈ ያለ ሰው ደግሞ ለመደራደር አይቸኩልም። ሦስተኛ፣ ከውጭ ለሁለቱም ወገን መሣሪያና ድጋፍ የሚሰጥ ነበር። ጦርነቱ በጥር 1962 ዓ.ም. በቢያፍራ እጅ መስጠት አበቃ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው፣ አብዛኛውም በረሃብ፣ እንዳለቀ ይገመታል። ሽማግሌው ባለ ማዕረግ ንጉሠ ነገሥት መሆኑ ብቻውን ጦርነትን እንደማያስቆም በዚህ ታየ።

የሱዳን ቁስል

በምዕራብ በኩል ደግሞ የጎረቤታችን የሱዳን ጦርነት ነበር። በነሐሴ 1947 ዓ.ም.፣ ሱዳን ነጻነቷን ልታገኝ ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ በደቡብ ቶሪት የነበሩ ወታደሮች አመፁ። የደቡቡ ሕዝብ በቋንቋም፣ በእምነትም፣ በታሪክም ከሰሜኑ የተለየ ነው፤ በሰሜኑ የበላይነት መገዛትንም አልፈለገም። በኋላ አኛኛ የተባለው የሽምቅ ጦር ተነሣ። በ1956 ዓ.ም. የካርቱም መንግሥት የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ሁሉ ከደቡብ አባረረ። ብዙ መቶ ሺህ ሰው ሞተ፤ ሌላውም ወደ ዩጋንዳ፣ ወደ ኮንጎና ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። በ1957 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተጠራው የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ ያለ ስምምነት ተበተነ።

በግንቦት 1961 ዓ.ም. ኮሎኔል ጃፋር ኒሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፤ በሰኔም ለደቡብ የራስ ገዝ አስተዳደር እንደሚሰጥ አወጀ። አዋጁ ለሁለት ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ቀረ። በሐምሌ 1963 ዓ.ም. ግን ኮሚኒስቶች ኒሜሪን ለመጣል ሞክረው ከሸፈባቸው። ከዚያ በኋላ ኒሜሪ አዲስ ወዳጅ አስፈለገው። ከደቡብ የመጣውን የሕግ ሰው አቤል አሊየርን ለዕርቁ ሥራ አሰማራ። በደቡብ በኩል ደግሞ ዮሴፍ ላጉ የተበታተኑትን ተዋጊዎች በአንድ አመራር ሥር ሰብስቦ ነበር። ስለዚህ በሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ሊያናግር የሚችል ሰው ተገኘ። በናይጄሪያ ያልነበረው ይህ ነው።

አብያተ ክርስቲያናት የገቡበት ዕርቅ

በጥር 1963 ዓ.ም. የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ማዕከላዊ ኮሚቴ አዲስ አበባ ላይ ስብሰባ አድርጎ ነበር። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የጋራ ልዑክ ወደ ካርቱም ላኩ። ሚስዮናውያንን ያባረረ መንግሥት የቤተ ክርስቲያንን ሰዎች ተቀብሎ ማነጋገሩ በራሱ የሚገርም ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ለሰሜኑ መንግሥት የአገሪቱን አንድነት እንደሚያከብሩ ነገሩ። ደቡቦቹ ደግሞ በእርዳታ ሥራቸው ያውቋቸው ነበር። ሁለቱም ወገን ሊያምናቸው ቻለ።

ለንግግሩ የተመረጠው ቦታ አዲስ አበባ ነበር። በየካቲት 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972) የሱዳን መንግሥት ልዑክ በአቤል አሊየር፣ የደቡቡ ልዑክ በኤዝቦኒ ሞንዲሪ መሪነት ተገናኙ። ስብሰባውን የመራው የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ዋና ጸሐፊ፣ ላይቤሪያዊው ቄስ ቡርጌስ ካር ነበር። ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ለሁለት ሳምንት ገደማ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ በመካከላቸውም ጸሎት ቦታ ነበረው።

ስለ አስተዳደር፣ ስለ ቋንቋና ስለ ገንዘብ ተስማሙ። አረብኛ የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ የደቡቡ ዋና ቋንቋ እንዲሆን ተወሰነ። ሦስቱ የደቡብ ክፍለ ሀገሮች በጁባ የራሳቸው ምክር ቤትና የሥራ አስፈጻሚ አካል ያለው አንድ ራስ ገዝ እንዲሆኑ ተስማሙ። ነገር ግን የሠራዊቱ ጉዳይ ሲነሣ ንግግሩ ቆመ። ለዓመታት ሲታደኑ የኖሩት ደቡቦች የሰሜኑ ጦር በመካከላቸው እንዲሰፍር አልፈለጉም፤ የራሳቸው ጦር እንዲኖር ጠየቁ። መንግሥቱ ደግሞ በአንድ አገር ሁለት ጦር አይሆንም አለ።

በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቀረበ። የ79 ዓመቱ አዛውንት ሁለቱንም ወገን አነጋገሩ። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ እኩል በእኩል የሚል ነበር፦ በደቡብ የሚሰፍረው ጦር 12,000 እንዲሆን፣ ከዚህም 6,000ው ከደቡብ ተወላጆች፣ 6,000ው ከሌላው የአገሪቱ ክፍል እንዲሆን። ስምምነቱ በየካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. በፊርማ ተጀመረ። ዮሴፍ ላጉ ግን ስለ ወታደሮቹ ደህንነት ሥጋት ነበረው። አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተነጋገረ፤ ተዋጊዎቹ ሲገቡ በቀል እንደማይደርስባቸው ማረጋገጫ ካገኘ በኋላ በመጋቢት 18 ቀን ስምምነቱ ጸደቀ።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያደረጉት ለጎረቤት ፍቅር ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ሱዳን የኤርትራ ተዋጊዎችን ትረዳ ነበር፤ ኢትዮጵያም በአኛኛ በኩል ትመልስ ነበር። ዕርቁ ለሁለቱም መንግሥታት ይጠቅም ነበር። ይሁንና ውጤቱ እውነተኛ ነው። 17 ዓመት የጮኸው ጠመንጃ ዝም አለ። ስደተኞች ከዩጋንዳ፣ ከኮንጎና ከኢትዮጵያ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ላጉ በአገሪቱ ጦር ውስጥ ጄኔራል ሆነ፤ አሊየር የደቡብ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ኢትዮጵያዊው የሰላም ምሁር ሕዝቅያስ አሰፋ ይህን ሽምግልና በመጽሐፍ አጥንቶታል። ዓለም እስከ ዛሬ እንደ ምሳሌ የሚያነሣው ሥራ ነው።

ዕርቁ ለምን ፈረሰ?

ስምምነቱ ጠንካራ አጥር ነበረው። ሕጉን ለመለወጥ የአገሪቱ ምክር ቤት ሦስት አራተኛ ድምፅና የደቡብ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ታዲያ እንዴት ፈረሰ?

የመጀመሪያው ምክንያት የላይኞቹ ሲታረቁ የታችኞቹ አለመታረቃቸው ነው። ስምምነቱ በጦርነቱ ለተፈጸመው ሁሉ ምሕረት ሰጠ፤ ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን የተገደለበትና መንደሩ የተቃጠለበት ሰው የት ሄዶ እንደሚናገር፣ ማን ይቅርታ እንደሚጠይቀው ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ወታደሮች በአንድ ሰፈር ተቀላቀሉ እንጂ ልባቸው አልተቀላቀለም። ገና በ1967 ዓ.ም. አኮቦ ላይ የቀድሞ አኛኛዎች አምፀው ወደ ጫካ ገቡ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚህ ላይ ይሠራል።

ሁለተኛው፣ ዕርቁ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ቆሞ ነበር። ኒሜሪ የደቡቡን ድጋፍ ሲፈልግ ቃሉን ጠበቀ። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከሰሜኑ ተቃዋሚዎቹ ጋር ሌላ ዕርቅ አደረገ፤ እነርሱ ደግሞ የደቡቡን ስምምነት አይወዱትም ነበር። አንዱን ዕርቅ ለማጽናት ሌላውን መሸርሸር ጀመረ። በደቡብ ቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ ሲገኝ ነገሩ ባሰ። ደቡቦቹም እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ፤ ፈራሚው ዮሴፍ ላጉ ራሱ ደቡብ እንዲከፋፈል ከሚፈልጉት ወገን ሆነ። በ1975 ዓ.ም. ኒሜሪ ድምፅ ሳይሰጥበት በአዋጅ ብቻ ደቡብን ለሦስት ከፈለ፤ ወዲያውም የእስልምናን ሕግ በአገሪቱ ላይ አወጀ።

ሦስተኛው፣ ጦርነቱ እንደገና የፈነዳው ንጉሠ ነገሥቱ በሸመገሉበት በሠራዊቱ ጉዳይ ነው። በግንቦት 1975 ዓ.ም. ቦር የሰፈረው 105ኛ ሻለቃ ወደ ሰሜን እንዲዛወር ታዘዘ፤ ወታደሮቹ ብዙዎቹ የቀድሞ አኛኛዎች ነበሩና እንቢ አሉ። ተተኮሰባቸው፤ ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በ1964 ዓ.ም. ከጫካ ወደ መንግሥት ጦር የገባው ጆን ጋራንግም ከእነርሱ ጋር ሆነ።

አራተኛው፣ የዕርቁ ዋስ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት የሉም። ሱዳን የኢትዮጵያን አማፅያን እንደገና ትረዳ ነበር፤ የደርግ መንግሥትም በተራው የጋራንግን ጦር አስታጠቀ። ጋምቤላ ኢታንግ በስደተኞች ተሞላ። ሁለተኛው ጦርነት እስከ ጥር 1997 ዓ.ም. ዘልቆ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ሆነች፤ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ እርስ በርሷ ተዋጋች። መሪዎቿ በመስከረም 2011 ዓ.ም. እንደገና አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። በሰሜኑም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሌላ ጦርነት ተነሣ።

የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ

ወገኖች ሆይ፣ አሁን ወደሚያሳዝነው ክፍል እንመጣለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለደቡብ ሱዳን ራስ ገዝነት ዋስ ሆነው ሲቆሙ በገዛ ቤታቸው ምን ነበር?

ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. የራሷ ምክር ቤትና ባንዲራ ይዛ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሕዳ ነበር። ያ መብት ቀስ በቀስ ተሸረሸረ፤ በነሐሴ 1953 ዓ.ም. የመጀመሪያው የነጻነት ጥይት ተተኮሰ፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ኒሜሪ በ1975 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ላይ ያደረገው ነገር በእኛ አገር ከ20 ዓመት በፊት ተደርጎ ነበር ማለት ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚያው በ1955 ዓ.ም. ነው! ለኤርትራ እንደ አዲስ አበባው የካቲት ያለ ጠረጴዛ አልተዘረጋም። ያ ጦርነት 30 ዓመት ፈጅቶ በ1983 ዓ.ም. አበቃ፤ ስንቱ እናት ልጇን እንደ ጠበቀች ቀረች!

እኛን ወንጌላውያንንም የሚነካ ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ለወንጌል ሥራ በር የከፈቱ ሰው ነበሩ። በ1959 ዓ.ም. በርሊን ላይ በተደረገው የዓለም የወንጌል ስርጭት ጉባኤ ተገኝተው ንግግር አድርገዋል። በዘመናቸው የታተመውን የ1954ቱን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብዙዎቻችን ዛሬም እናነበዋለን። ከተማችን ሐዋሳም በእርሳቸው ዘመን የተቆረቆረች ናት፤ የስዊድን ፊላዴልፊያ ሚስዮን በዚህ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዘመን ነው። ነገር ግን የሙሉ ወንጌል አማኞች ማኅበራቸውን ለማስመዝገብ ያቀረቡት ጥያቄ በ1959 ዓ.ም. ውድቅ ተደረገ። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የሱዳን ዕርቅ በተፈረመበት በዚያው ዓመት፣ አዲስ አበባ ላይ ለጸሎት የተሰበሰቡ ከ200 በላይ አማኞች ተይዘው ታሰሩ።

ይህን የምናነሣው ሙት ለመውቀስ አይደለም። ለእንግዳ ሰው የሚሰጠውን ትዕግሥት ለቤተሰብ መስጠት ለምን እንደሚከብድ እንድንጠይቅ ነው። በሰው ጦርነት ውስጥ ሽማግሌው የሚያጣው ነገር የለም፤ በራሱ ጉዳይ ግን ዕርቅ ማለት ራሱ አንድ ነገር መልቀቅ ነው።

የመጨረሻው ዘመን

ከሱዳን ዕርቅ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በወሎ ረሃብ ሕዝብ አለቀ፤ በ1966 ዓ.ም. ሠራዊቱ፣ ተማሪውና ሠራተኛው ተነሣ። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። በነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ተገደሉ። አስከሬናቸው በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር ተገኘ፤ በጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ለጣሊያኖች ምሕረት ለመኑ፤ ለእርሳቸው ግን ምሕረት አልተደረገላቸውም።

ምን እንማራለን?

1. ፊርማ የዕርቅ መጀመሪያ ነው። የ1964ቱ ስምምነት ጠመንጃን ዝም አሰኘ፤ ልብን ማከም ግን ለሌላ ቀን ተተወ። ያ ቀን ሳይመጣ ቀረ። በሲዳማ ባህል ሽማግሌዎች በአፊኒ ሥርዓት ሁሉንም ሰምተው፣ ሐላሌ የሚሉትን እውነት ፈልገው ካላገኙ ነገሩ አለቀ አይሉም። መጽሐፍ ቅዱስም ምሕረትና እውነት አብረው ሲሄዱ ያሳየናል (መዝ. 85)። በከተማችን በሰኔ 2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ወገኖቻችን ሞተዋል፤ ተፈናቅለዋልም። ሰላም ወረደ ብለን ከማለፋችን በፊት የተጎዳው ሰው ተሰምቷልን ብለን እንጠይቅ።

2. የሚታመን ሸምጋይ ቀድሞ የደከመ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሱዳን የተሰማችው በጦርነቱ ዘመን የተራበውን ስላበላች ነው። በሰላሙ ቀን ብቻ የምትታይ ቤተ ክርስቲያን ማንም አይሰማትም። የአንድ ወገን ቤተ ክርስቲያን ከሆነችም እንደዚሁ።

3. ዕርቅ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ካስታረቁ በኋላ ወደ ቤት መሄድ አይበቃም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነታችን ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመ ስምምነት ሲቆም ያስታረቁን ሌሎች አፍሪካውያን ነበሩ፤ በ1964 ዓ.ም. እኛ አስታራቂ ነበርን። ሌሎች ያስታርቁናል፤ ዕርቁን ግን የምንጠብቀው እኛ ነን።

4. ከቤት እንጀምር። የሰው ጠብ ለማብረድ የምንሮጥ ሽማግሌዎች፣ መጋቢዎችና ወንጌላውያን በገዛ ቤታችን፣ በገዛ አጥቢያችን ያልተነጋገርነው ወንድም ይኖር ይሆን? ጌታ መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን እንድንታረቅ ያዘዘው ለዚህ ነው (ማቴ. 5፡23-24)።

የተወደዳችሁ ቅዱሳን፣ ስለ ሱዳንና ስለ ደቡብ ሱዳን ሕዝብ እንጸልይ። በጋምቤላ በኩል የተሰደዱትን ወገኖች አንርሳ። ስለ አገራችን መሪዎችም እንጸልይ፤ ለውጭ ሰው የሚያሳዩትን ትዕግሥት ጌታ ለገዛ ወገናቸውም ይስጣቸው። በዚህ ሳምንትም እያንዳንዳችን ከተጣላነው አንድ ሰው ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገር።

የሰላም አምላክ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።